የሐሞት መንገድ

ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ትሕትናዬ፣ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ ቤቱም ቡናውም ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት ከታች የምጽፍልሽን ስታነቢ ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንዴ ኔትወርኩ እምቢ አለኝ፣ አንዴ አንቺ ተረኛ ነኝ አልሽኝ፣ አንዴ ደግሞ እኔው ፈራሁና ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። አሁን የመዘምራን ጓደኛሽ ሮዳስ ለትምህርት ወደ ሕንድ ስለምትመጣ በእጇ ላክሁልሽ። ከደብዳቤው ጋር ለቅመም የሚሆን ኮረሪማና ትንሽ ጥምዝ አለ። እሱን በኋላ ታዪዋለሽ፤ መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ይህን አንብቢ። ሳትጨርሺም ስልክ አታንሺ።

ሐምሌ ላይ የደወልሽልኝን ቀን አልረሳሁትም። ስታለቅሺ ትንፋሽሽ ይቆራረጥ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁም፤ የሰማሁት ግን ከጆሮዬ አልወጣም። በምትማሪበት ሆስፒታል ከአንዲት አሮጊት የሐሞት መንገድ ላይ የተቀረቀረ ድንጋይ ልታወጪ በአፍ የሚገባውን የካሜራ ቱቦ ይዘሻል፤ መግቢያው እምቢ ብሎሻል። አስተማሪሽ «ስጪኝ» ሲልሽ «አንዴ ብቻ ልሞክር» አልሽው። ከዚያ ደግሞ ሌላ አንዴ። በማግስቱ ሴትዮዋ ቆሽቷ ተቆጥቶ አሥራ ስድስት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች። ድና በእግሯ ወጣች። አንቺ ግን ከዚያ ወዲህ ቱቦውን አልነካሁም፣ ቆሜ አያለሁ እንጂ አልሠራም፣ ጥር ላይ ትቼው እመጣለሁ አልሽኝ። እኔም «አይዞሽ፣ ጥፋትሽ አይደለም» አልኩሽ። እናት የምትለውን አልኩ እንጂ ስለምን እንደማወራ አላውቅም ነበር። አሁን ትንሽ አውቃለሁ።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጎረቤታችን የሚርያም ልጅ ተመርቆ ድግስ ነበረ። ቅቤ የጠጣ ጎደሬ ደጋግሜ በላሁ። ቤት ስደርስ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር ቀስፎ ያዘኝ። ጨጓራ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ጨጓራ የሌለበት ጡረታ የወጣ መምህር ከየት ይገኛል? ሄድ መለስ እያለ ሦስት ሳምንት ቆየ። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ አባትሽ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝና ዐይንሽ ምን ሆኗል አለኝ። መስተዋት ፊት ስቆም የዐይኔ ነጩ እርድ የነካው መስሏል።

ሚርያም መጥታ አየችኝና የወፍ በሽታ ነው አለች። ለዚህ ቅጠል ጨምቆ የሚሰጥ አዋቂ እንዳለ፣ የእሷንም ወንድም እንዳዳነው ነገረችን። ደግነቷን ታውቂያለሽ፤ ራሷ ሄዳ በጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። ኩባያ ውስጥ ቀድቼው ነበር። ልጠጣው ስል ብርድ ብርድ አለኝ፤ ብርዱን ተከትሎ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ኩባያው ከእጄ ወደቀ። አባትሽ በጋቢ ጠቅልሎ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝና አማን፣ ሆስፒታሉ ድረስ አቅፎ ወሰደኝ።

እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ሆዴን በአልትራሳውንድ አየና ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ነገረን። ከሐሞት ከረጢቴ የወጣ ድንጋይ ሐሞት ወደ አንጀት የሚወርድበትን መንገድ ዘግቶታል፤ የተጠራቀመውም መመርቀዝ ጀምሯል። በደም ሥሬ መድኃኒት እየሰጡ ትኩሳቱን በአምስት ቀን አበረዱት። ድንጋዩን ግን ሆድ ሳይከፈት፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ የሚያወጡት አዲስ አበባ ስለሆነ ሳትዘገዩ ሂዱ አለን። «ልጄ የምትማረው ይህንኑ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ በየነች የምትባል፣ ከሸዋ ቤንች ወረዳ የመጣች ሴት ተኝታ ነበር። እሷም እንደ እኔ ቢጫ፣ እሷም ድንጋይ ነው የተባለች። ልጆቿ አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ የምናውቀውም ሰው የለም ብለው ወደ ቤት ሊመልሷት ተነሡ። ስትወጣ እጄን ጨብጣ «ሄደሽ ከተመለስሽ ያየሽውን ንገሪኝ» አለችኝ። ከተመለስሽ ስትለኝ ነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሐሞቴ የፈሰሰው።

ለምን አልነገራችሁኝም ትዪኝ ይሆናል። አባትሽ ልደውልላት ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። አንቺ የማታውቂያት አሮጊት ሕመም ከብዶሽ ሳለ የእናትሽን እንዴት አድርጌ ልጨምርብሽ? ከተቀየምሽ እኔን ተቀየሚ፤ እሱ የለበትም።

ቦንጋን አልፈን ጅማ አድረን በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባን። በተላክንበት ሆስፒታል ይህን ሥራ የሚሠራውን ክፍል የሚመሩት ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር አንዲት ቀጭን ሴት ሐኪም መጣች፤ ዶክተር የምሥራች ትባላለች፣ ዕድሜዋ ካንቺ አይርቅም። ምርመራዬን ሁሉ ካዩ በኋላ እሳቸው ወጡ። እሷ ወንበር ስባ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠችና ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለችልኝ።

የምታውቂውን ላስተምርሽ አይደለም፤ እኔ እንዴት እንደገባኝ እንድታዪ ነው። ቱቦው በአፍ ገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ፣ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይቆማል። እዚያ የምስር ፍሬ የምታህል በር አለች። ችግሩ ያቺ በር ለሁለት መንገድ መውጫ መሆኗ ነው፤ ለሐሞትም ለቆሽትም። በቱቦው ውስጥ ወደ ሐሞት የተላከው ቀጭን ሽቦ እየሳተ ወደ ቆሽት ከገባ ቆሽት ይቆጣል። ከሃያ ሰው አንዱ ላይ ሊደርስ እንደሚችል፣ አብዛኛው በጥቂት ቀን እንደሚድን፣ አንዳንዱ ላይ ግን እንደሚከፋ ሳትደብቅ ነገረችኝ።

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬአለሁ። ቆሽቴ ካረረ ቆይቷል» አልኳት።

መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ከዚያ አፏን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ፊቷ ተለወጠና ዋናውን ነገር አመጣችው። ይህን ሥራ ገና እየተማረች ነው። እኔ ብፈቅድ ቱቦውን የምትይዘው እሷ ናት፤ ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ከጎኗ አይለዩም። እስካሁን አርባ ሦስት ሰው ላይ ሠርታለች።

አባትሽ እስከዚያ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። የእሱን ዝምታ ታውቂዋለሽ፤ የሚያስፈራው ሲሰበር ነው። ወጥቶ ዶክተር ኃይለጊዮርጊስን ኮሪደር ላይ ደረሰባቸውና የተናገረውን እኔም ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት።

«ዶክተር፣ ከሚዛን ሁለት ቀን ተጉዤ የመጣሁት እርስዎን ብዬ ነው። መለማመጃ የምትሆን ሚስት የለችኝም።»

እሳቸው አልተቆጡም። ክንዱን ይዘው ወደ ክፍሉ መለሱትና ሁለታችንንም አዩን። መብታችሁ ነው፣ እኔ ብቻ እንድሠራ ከፈለጋችሁ ነገ ራሴ እሠራለሁ፣ ማንም አይቀየማችሁም አሉ። ከዚያ እንዴት እንደሚሠሩ ነገሩን። ተማሪ በሰው ሠራሽ አምሳያ ላይ ወራት ሳይለማመድ ሰው አይነካም። የትኛው ሕመምተኛ ለተማሪ እንደሚመች የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ አስቸጋሪውን አይሰጡም። ከመጀመራቸው በፊት የቆሽትን መቆጣት የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣል። ከዚያ ሰዓት ይያዛል።

«አምስት ደቂቃ ወይም አምስት ሙከራ» አሉ። «ከሁለቱ አንዱ ሲሞላ ቱቦው ወደ እኔ ይዞራል። ሽቦው ሁለት ጊዜ ወደ ቆሽት ከሄደ ግን ይህንንም አንጠብቅም። ልመና የለም።»

በክፍላቸው የተሠራውን ሁሉ እየመዘገቡ በየወሩ ያዩታል። በዚህ ደንብ ተማሪ የጀመረው ላይ የደረሰው ጉዳት እሳቸው ብቻቸውን ከሠሩት አልበለጠም። ደንቡ በላላ ቀን ግን ይበልጣል፤ «ያኔ ጥፋቱ ከተማሪው በፊት የእኔ ነው» አሉ።

አባትሽ ግን አልተረታም። እንግዲያው እርስዎ ለምን አይሠሩትም አላቸው።

«ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉት። «የእርስዎ የልጅ ልጅ ድንጋይ የያዘው ቀን ማን ያውጣለት?»

እሱ ግን አልፈቀደም። ቱቦውን እሳቸው ይያዙ ብሎ ቀጥ አለ። እኔ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ አልኩና ሁለቱንም ወንዶች አስወጣኋቸው። የምሥራችን አስቀረኋት።

«ሰው ጎድተሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

የሣለችውን ሥዕል አየች፣ አጠፈችው፣ ደግሞ ዘረጋችው።

«አዎ» አለች። «አሥራ ዘጠነኛው ላይ። የሁለት ልጆች አባት ናቸው። ቆሽታቸው ተቆጥቶ ዘጠኝ ቀን ተኙ። በየቀኑ ሄጄ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ሲወጡ እጄን ጨብጠውኛል፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ወር ቱቦ አልነካሁም።»

«እንዴት ተመለስሽ?»

«ዶክተር ጠሩኝና የዚያን ቀን የሆነውን ደቂቃ በደቂቃ አስጻፉኝ። ስጽፈው የት ላይ ማቆም እንደነበረብኝ አየሁት። እሳቸውም የት ላይ ሊቀበሉኝ ይገባ እንደነበር አዩ። አምስት ደቂቃ የሚለው ደንብ ያኔ አልነበረም፣ እናቴ። የወጣው በእኔ ምክንያት ነው።»

ያን ጊዜ ስለምን እንዳሰብኩ አልነግርሽም። ወረቀቱን አምጪው አልኳት።

የፈቀድኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ዶክተሩ የረጉ ሰው ናቸው፤ ደንባቸው ደንብ ነው። ደግሞ እኔም ጀማሪ ነበርኩ። ሸዋ ቤንች በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ልጆች በቅጡ ማንበብ ሳይችሉ ወደ ሦስተኛ ክፍል አሳልፌአለሁ። እንዴት እንደሚያዙ አላውቅም ነበር፤ አጠገቤ የቆመም፣ ሰዓት የያዘልኝም አልነበረም። የመምህር ስሕተት ደም ስለማይፈስበት ማንም አላስጻፈኝም። እነዚያን ሰባት ልጆች እስከዛሬ በስማቸው አውቃቸዋለሁ። እንግዲህ ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ አትፈልጊበት።

ወረቀቱ ላይ ለእኔ አንድ መስመር፣ ለቤተሰብ አንድ መስመር ነበረው። እኔ በኔ ላይ ፈረምኩ። አባትሽ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ አልጋው ላይ አስቀመጠውና ሳይፈርም ወጣ። ጽጌሬዳ የምትባለው ነርስ በምስክርነት ፈረመችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስገቡኝ። በሆዴ አስተኙኝ፣ የሚያስተኛ መርፌ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ እኔ የለሁበትም። የሆነውን በኋላ ያጫወተችኝ ጽጌሬዳ ናት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ደቂቃውን ጮክ ብላ የምትናገረው እሷ ነበረች።

የምሥራች በሯን ወዲያው አገኘቻት። ሽቦውን ሰደደች፤ አልገባም። ሁለተኛ ሰደደች፤ አልገባም። በሦስተኛው ወደ ቆሽት አዘነበለ፤ ኤክስሬዩ ላይ አየችውና ቀስ ብላ ሳበችው። አራተኛውም አልገባም። ጽጌሬዳ «አራት ደቂቃ» አለች። ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። አንድ ደቂቃና አንድ ሙከራ ይቀራት ነበር። የምሥራች ግን እጇን አቆመች።

«አቅጣጫው አልያዘልኝም፣ ዶክተር። ይውሰዱት» ብላ ቱቦውን አስረከበች።

ትሕትና፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆይና ደግመሽ አንብቢው። ማንም ስጪኝ አላላትም። አንድ ሙከራ ቀርቷት ነው የሰጠችው።

እሳቸው ተቀበሉ። ቱቦውን ትንሽ ወደ ራሳቸው ሳብ፣ ጫፉን ትንሽ ቀና አደረጉት፤ ያቺ የምስር ፍሬ የምታህል በር ስክሪኑ መሐል ላይ መጥታ ቁጭ አለች። ጽጌሬዳ እንደምትለው እሳቸው እዚያው ላይ በአንድ ጊዜ ያስገቡት ነበር። አላስገቡም።

«አሁን አየሽው?» አሏት።

«አየሁት።»

«እንግዲያው ያንቺ ነው» ብለው መለሱላት።

ገባ። በአምስተኛው፣ አንዴ ሳይነካ ሳይታከክ፣ ሽቦው ቀጥ ብሎ በሐሞት መንገድ ሽቅብ ወጣ። በሯን በጥቂቱ ሰፋ አደረጉና በትንሽ ፊኛ እየጎተቱ ድንጋዮቹን አወረዷቸው። ሁለቱ የበቆሎ ፍሬ ያህላሉ፤ ሦስተኛው ከነቅርፊቱ የደረቀ ጀንፈል ቡና የሚያህል ነበረ አሉ። ከኋላው ታግዶ የቆየው ሐሞት ጥቁር ሆኖ እንደ ዝናብ ውኃ ወረደ። ጽጌሬዳ በሥራ ላይ አላጨበጭብም እንጂ ላጨበጭብ ነበር አለችኝ። ፎቶውን አትመው ሰጥተውኛል፤ አባትሽ ከሠርጋችን ፎቶ ጎን አስቀምጦታል።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ስነቃ ደህና ነበርኩ፤ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። የምሥራች ስትሰማ ሮጣ መጣች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ያን ፊት ባላየው ደስ ባለኝ፤ አንቺ ሕንድ አገር ሆነሽ፣ እኔ ሳላይሽ፣ እንዲህ ነበርሽ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ደሜን ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም። ሂጂ ብላት አልሄድም አለች። አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ እሷን እያየ ነበር፤ እኔን ሳይሆን እሷን።

ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ውጤቱን ይዘው ገቡ፣ ሆዴን ጫን ጫን አደረጉና ፈገግ አሉ። ቆሽቱ ሰላም ነው፣ የገባው አየር ነው አሉ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አየሩም መንገዱን አገኘና ወጣ። እንዴት እንደወጣ አልጽፍልሽም፤ የምሥራች ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ እኔም የተወጋ ክንዴን ይዤ ሳቅሁ። ጎረቤት አልጋ ያሉት ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሽንቴ ጠራ። ገንፎ በላሁ፤ ሕመም የለም። የምሥራች ልታየኝ ስትገባ አባትሽ ከተቀመጠበት ተነሣ። ስንተኛሽ ናት ብሎ ጠየቃት። አርባ አራተኛ ናቸው አለችው። ባርኔጣውን አወለቀና በቤንችኛ ባረካት። ምን እንዳሉ ንገሪኝ ብትለኝ «እጅሽ አይዛል» ነው አልኳት። ከዚያ በላይ ብሏል፤ ግን ያ የእሱና የእግዚአብሔር ነው።

ሚዛን ከተመለስን ስድስተኛ ሳምንታችን ነው። ቡናው ቀልቷል፣ ለቀማው ደርሷል፤ እኔም ቅርጫት ይዤ እወጣለሁ። ሚርያም ዐይኔን በየቀኑ እየመጣች ታየዋለች፤ ነጩን ካላየች አትሄድም። አባትሽ ደግሞ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ሚስቴ አርባ አራተኛ ናት» ይለዋል። የሚያውቀን ይስቃል፤ የማያውቀን አርባ አራት ሚስት ያገባ እየመሰለው ይደነግጣል።

በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ሸዋ ቤንች ወርጄ በየነችን ፈለግኋት። ንገሪኝ ብላኝ አልነበር? ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከስታ ዐይኗ ብቻ ቀርቷል። ልጆቿ እዚያ ተማሪ ነው አሉ የሚሠራው አሉኝ። አዎ ተማሪ ነው፣ የእኔንም ያወጣችው ተማሪ ናት ብዬ የዐይኔን ቆብ ገልብጬ አሳየኋቸው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው፦ ቱቦውን የሚይዘው ማነው? አጠገቡ የሚቆመው ማነው? ስንት ደቂቃ ሲሞላ ነው የሚያስረክበው? ለእነዚህ መልስ ካገኛችሁ ፈርሙ፤ ካላገኛችሁ ትልቁም ሐኪም ቢሆን አትፈርሙ አልኳቸው። ይዘዋት ሄዱ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በየነች ራሷ ደጃችን ላይ ቆማ አገኘናት፣ በእግሯ፣ ማር ይዛ። እሷ አርባ ዘጠነኛ ናት።

ማክሰኞ ለክትትል አማን ሄጄ ነበር። ያ ወጣት ሐኪም የተጻፈልኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው እንደላከ፣ ሁለቱ እንዳልሄዱ ነገረኝና እዚህ የሚሠራልን ሰው መቼ ይሆን የምናገኘው አለ። ያኔ የዋጥኩትን ቃል አወጣሁት።

«ልጄ እየተማረችው ነው» አልኩት።

ብትቀየሚኝም ብዬዋለሁ፤ አልመልሰውም።

አሁን የሐምሌውን እንደገና ልመልስልሽ። ጥፋት የለብሽም አልልሽም። አስተማሪሽ ስጪኝ ሲልሽ መስጠት ነበረብሽ። እሱም ብሎሽ ሳይቀበልሽ ዝም ማለቱ የእሱ ድርሻ ነው፤ ሁለታችሁም የየድርሻችሁን ተሸከሙ። ያቺ ሴት የተጎዳችው እጅሽ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ አልቻልኩም ማለት አሳፍሮሽ ነው። ክፍል ውስጥ አንደኛ ካልወጣሽ ፊቴን እያጠቆርኩብሽ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ከዚያም ውስጥ የእኔ ድርሻ አለ።

የዚያን ቀን የሆነውን ደቂቃ በደቂቃ ጻፊው። አስተማሪሽ ፊት አንብቢው። ለእናንተም ክፍል ሰዓት ይያዝልን በይ። ይህን ስትዪ ከፍ ትያለሽ እንጂ አታንሺም። ከዚያ ቱቦውን ያዢ። አሮጊቷንም ካገኘሻት ሄደሽ ጠይቂያት፤ እኔ ሐኪሜ መጥታ ስትጠይቀኝ ደስ ብሎኛል፤ እሷም እናት ናትና ይገባታል። ሐሞተ ቢስ ልጅ አላሳደግሁም። ጥር ላይ እንዳላይሽ። ጨርሰሽ ስትመጪ ግን አንድ ቀን አትዘግዪ።

እግዚአብሔር የረጋ እጅ ይስጥሽ። ያስተማረሽን ይባርክልሽ። የሚያይ ዐይን፣ ይብቃኝ ለማለት የማያፍር አንደበት፣ ዳግም ለመነሣት የማይዝል ጉልበት ያድልሽ። የምትነኪው ሁሉ ይዳንልሽ፤ ያልዳነውም ያጽናሽ እንጂ አይስበርሽ። አሜን።

አባትሽ ከታች ቦታ ተይልኝ ብሏል። እሱ ደብዳቤ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። አላነብበውም ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ጽፎ ሲጨርስ ራሱ አሽጎ ለሮዳስ ይሰጣታል።

የምትወድሽ እናትሽ
ውድነሽ

ልጄ ትሕትና፤

እኔ እንደ እናትሽ መጻፍ አልችልበትም። እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር ልንገርሽ። መርፌውን ሲሰጧት በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ቆሜ እሰማ ነበር። መድኃኒቱ ሲይዛት ሐኪሟን «ትሕትና» ብላ ጠራቻት። ሐኪሟም «አቤት፣ እማዬ» አለቻት። እናትሽ «አትፍሪ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለቻትና ተኛች።

እኔ ያን ወረቀት አልፈረምኩም። አማን መጥተሽ መሥራት የጀመርሽ ቀን ሰው የሚፈርምበትን ወረቀት መጀመሪያ ለእኔ አምጪልኝ። ድንጋይ ባይኖርብኝም እፈርማለሁ።

አባትሽ ተረፈ